ገመዱ ከመሳቡ በፊት፦ ለካንየኒንግ ጀማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ካንየኒንግ ማለት ውሃ ሸርሽሮ ባበጀው ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የወንዙን መንገድ ተከትሎ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። አንዳንዱ ቦታ በእግር ይታለፋል፤ አንዳንዱ በዋና፤ አንዳንዱ በዝላይ ወይም ለስላሳ ድንጋይ ላይ በመንሸራተት፤ ፏፏቴው ሲረዝም ደግሞ በገመድ። ፈረንሳዊው ኤዱዋር አልፍሬድ ማርቴል እ.ኤ.አ. በ1905 የቬርዶንን ታላቅ ሸለቆ ሲወርድ ሥራው የጥናት ጉዞ ነበር። ዛሬ በፈረንሳይ፣ በስፔን ሲየራ ደ ጓራ፣ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ተራሮች የበጋ ስፖርት ሆኗል። ለጀማሪዎች የሚሰጠውም ኮርስ ብዙ ነው።

ይህ ትምህርት እንዲህ ባለው ኮርስ ለመመዝገብ ላሰበ ሰው የተጻፈ ነው። አሰልጣኝን አይተካም፤ አሰልጣኙ የሚያዝዘው ነገር ለምን እንደሚያዝዝ ያስረዳል። ጭብጡም አንድ ነው፦ በካንየኒንግ ሕይወትን የሚያድነው ውሳኔ ቀድሞ የተወሰነው ነው። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ውሃው

የመጀመሪያው መሠረት ውሃውን ማወቅ ነው። ለምን ቢሉ፣ ገመዱም፣ መንገዱም፣ የቡድኑም ብዛት በመሪው እጅ ሲሆኑ ውሃው ብቻ ከእርሱ ቁጥጥር ውጭ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ጉልበት ድረስ የነበረ ጅረት ጥቂት ከፍ ሲል አቋቋምን ይነሳል። ሜዳ ላይ ቢሆን ውሃው ወደ ጎን ይሰፋ ነበር፤ ሸለቆ ውስጥ ግን ሁለቱ ግድግዳዎች ስለሚይዙት ያለው መንገድ ወደ ላይ መነሳት ብቻ ነው።

ደራሽ ውሃ ዝናቡ ከዘነበበት ቦታ ርቆም እንደሚያጠቃ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውሃው በዋነኝነት የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ነበር። በስዊዘርላንድም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1999 በኢንተርላከን አቅራቢያ በሳክሰተንባህ ሸለቆ ውስጥ ቡድኖች እየወረዱ ሳለ፣ ከበላያቸው በተራራው ላይ የወረደው የነጎድጓድ ዝናብ ደራሽ ውሃ ሆኖ መጣባቸው። 21 ሰዎች ሞቱ፤ 18ቱ ጎብኚዎች፣ 3ቱ መሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፍርድ ቤት ስድስት ሰዎችን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2014 ጀምሮም በስዊዘርላንድ ካንየኒንግን ለገበያ የሚያቀርብ ሁሉ በሕግ ፈቃድ እንዲያወጣ ግዴታ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ብሩህ መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የሚጠየቀው ይህን ወንዝ የሚመግበው ተራራ ሁሉ ዛሬ ምን ዓይነት አየር እንዳለው ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይጠበቃል ከተባለ ቡድኑ ማለዳ ይወርዳል፤ ወይም ጉዞው ይሰረዛል።

ከገቡ በኋላም ዓይን ከውሃው አይለይም። የአደጋ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ጥርት ያለው ውሃ መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ መምጣት፣ የድምፁ መለወጥ፣ የመጠኑ ከፍ ማለት። ጥሩ መሪ ለዕረፍት ሲቆም ውሃው ጠርዝ ላይ ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ሲቀመጥ ደረቅ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ውሃ ከላሰው የዕረፍቱ ጊዜ አብቅቷል፤ ቡድኑ ተነሥቶ ወደ ከፍታ ይወጣል። ተማሪም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ማድረግም ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ ስለማይመለሱበት ቦታ

ተራራ የሚወጣ ሰው ቢደክመው ወይም ቢፈራ በመጣበት ይመለሳል። የካንየኒንግ ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ገመዱ ፏፏቴው አናት ላይ ባለው የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋል። የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላም ከታች ይሳባል፤ ለሚቀጥለው ፏፏቴ ያስፈልጋልና። ገመዱ ተስቦ ኩሬው ውስጥ ከወደቀ ጊዜ ጀምሮ ከኋላ ያለው ግድግዳ ተዘጋ ማለት ነው። ያለው መንገድ ወደ ፊት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ መሪው ገመዱን ከመሳቡ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጣል። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው ወርዷል፤ ደህናም ነው። ሁለተኛ፣ የቀረው ጊዜና የሰዎቹ ጉልበት ለቀረው መንገድ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ቀጣዩ ክፍል በዛሬው የውሃ መጠን ይታለፋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገመዱ አይሳብም።

በፈረንሳይ የተዘጋጀውና በብዙ አገር የሚሠራበት የደረጃ ምደባም ይህን ያንጸባርቃል። ለገደሉ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 7፣ ለውሃው አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 7 ይሰጣል። ሦስተኛው ደረጃ ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ሲሆን የሚለካውም ከሸለቆው የማምለጫውን ቅርበት ነው። በዚህ በሦስተኛው መለኪያ ደረጃ 2 ማለት ቢበዛ በ15 ደቂቃ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ መድረስ የሚቻልበት ሸለቆ ነው። ለጀማሪ ኮርስ የሚመረጡት በሦስቱም ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ናቸው። ኮርሱን ስትመርጥ ስለ ፏፏቴው ርዝመት ብቻ አትጠይቅ፤ መውጫው የት የት እንዳለ ጠይቅ።

ሦስተኛ፦ ስለ ልብስና ዕቃ

የአውሮፓ የተራራ ወንዝ በሞቃቱ በሐምሌም ቀዝቃዛ ነው፤ ብዙ ጊዜ የቀለጠ በረዶ አለበትና። ውሃ ከሰውነት ሙቀትን የሚወስደው ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። የበረደው ሰው አስቀድሞ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ሐሳቡ ይዘገያል። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ካራቢነር የሚባለውን የገመድ ማያያዣ ቀለበት መክፈት አይችልም። ስለዚህ ኒዮፕሪን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ጎማ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልብስ ይለበሳል። ልብሱ ውሃ ያስገባል፤ ነገር ግን በልብሱና በቆዳው መካከል የቀረው ስስ ውሃ በሰውነት ሙቀት ይሞቃል። ሰፊ ልብስ የሞቀውን ውሃ እያስወጣ ቀዝቃዛውን ስለሚያስገባ፣ ልክ የሆነውን ጠይቆ መለወጥ ቅንጦት አይደለም።

ሄልሜት ከላይ ከሚወድቅ ድንጋይና ከመንሸራተት ይጠብቃል። የወገብና የጭን መታጠቂያው ሰውየውን ከገመዱ ጋር ያገናኛል። ጫማው እርጥብ ድንጋይ የሚይዝ ሶል ያለው መሆን አለበት። ፊሽካ ደግሞ ከአንገት አካባቢ፣ አፍ በሚደርስበት ይታሰራል።

አራተኛ፦ በገመድ ስለ መውረድ

በኮርሱ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው። መጀመሪያ የሚሠራውም ደረቅና ዝቅተኛ ግድግዳ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል።

ፏፏቴው አናት ስትደርስ አስቀድመህ መታጠቂያህ ላይ ባለው አጭር ማሰሪያ ራስህን ዓለቱ ላይ ከተተከለው ነጥብ ጋር ታስራለህ። ከዚያ በኋላ ነው መውረጃውን የምትነካው። የተለመደው መውረጃ ስምንት ቁጥር የሚመስል፣ ትልቅና ትንሽ ቀለበት ያለው ብረት ነው። ገመዱን አጥፈህ በትልቁ ቀለበት ውስጥ ታሳልፋለህ፤ እጥፋቱን በትንሹ ቀለበት በኩል አዙረህ አንገቱ ላይ ታደርጋለህ፤ ትንሹን ቀለበት መታጠቂያህ ላይ ባለው ካራቢነር አስገብተህ ትቆልፋለህ። አሁን ክብደትህን ቀስ ብለህ ገመዱ ላይ ትጥላለህ። ገመዱ መያዙን ዓይንህ አይቶ፣ ሰውነትህም ሲያረጋግጥ፣ ያን ጊዜ ብቻ አጭሩን ማሰሪያ ትፈታለህ። ለምን ቢሉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ሰው ያልታሰረበት አንድም ቅጽበት እንዳይኖር ነው።

ስትወርድ እግርህን በትከሻህ ስፋት ከፍተህ፣ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ ትደገፋለህ። ጀማሪ ሲፈራ ግድግዳውን ያቅፋል፤ ያን ጊዜ እግሩ ይንሸራተትና ፊቱ ከዓለቱ ጋር ይጋጫል። ወደ ኋላ የተደገፈ ሰው ግን ክብደቱ እግሩን ዓለቱ ላይ ያጸናዋል። ከመውረጃው በታች ያለውን ገመድ የያዘው እጅ ፍሬንህ ነው፤ ከዳሌህ አጠገብ ይቀመጣል፤ ኩሬው እስክትደርስም አይለቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ደረቅ ዓለት ላይ የሚወርዱ ሰዎች ከጫፉ አምልጠው እንዳይወድቁ ገመዱ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ያስራሉ። ውሃ ባለበት ሸለቆ ይህ ለምን ይከለከላል? መልሱ፦ ፏፏቴ እየወረደበት ኩሬ ውስጥ ያለ ሰው ዋነኛ አደጋው ከገመዱ መላቀቅ አለመቻሉ ነው። ቋጠሮው መውረጃው ላይ ከተቀረቀረ ውሃው ከላይ እየመታው ይያዛል። ስለዚህ መሪው የገመዱን ርዝመት ከኩሬው ጋር ያስተካክላል፤ ወራጁም ውሃው ላይ ሲደርስ ገመዱ በራሱ ተንሸራቶ ይወጣል። በአንዱ ቦታ ሕይወት የሚያድን ልማድ በሌላው ቦታ እንደሚገድል ከዚህ እንረዳለን።

አምስተኛ፦ ስለ ዝላይና ስለ ወራጅ ውሃ

ዝላይ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚጎዳው በእርሱ ነው፤ በተለይ ቁርጭምጭሚትና እግር። ሕጉ አጭር ነው፦ ዛሬ በሰው ያልተፈተሸ ኩሬ አይዘለልበትም። ባለፈው ሳምንት ጥልቅ የነበረ ኩሬ በአንድ ጎርፍ ድንጋይና ግንድ ሊሞላ ይችላልና። የሚዘልል ሰው ጉልበቱን ጥቂት ዐጠፍ፣ እግሩን ገጠም፣ ክንዱን ወደ ሰውነቱ ሰብሰብ አድርጎ በእግሩ ይገባል። በራስ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሲንሸራተትም በጀርባው ተኝቶ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይወርዳል፤ የተዘረጋ ክርን ዓለት ያገኘዋል።

ወራጅ ውሃ የወሰደው ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ እግሩን ወደ ፊት ያደርጋል፤ ድንጋዩን ከራሱ ይልቅ እግሩ እንዲቀበለው። ከፏፏቴ ሥር አዙሪት አለ፤ ከላይ ወደ ፏፏቴው መልሶ ይስባል፤ ስለዚህ ወደ ጎን እየዋኙ ይወጣሉ። ውሃው ከድንጋይ ሥር ገብቶ በሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ማንም አይጠጋም፤ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰው አያሳልፍምና።

ፏፏቴ አጠገብ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ የእጅና የፊሽካ ምልክቶች ከመግባት በፊት ይነገራሉ፤ እያንዳንዱም ሰው ይደግማቸዋል። እጅን ራስ ላይ ማድረግ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። የፊሽካው ትርጉም ከቡድን ቡድን ስለሚለያይ የዕለቱን መሪ መስማት ግድ ነው።

ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ

«መሪ ካለ እኔ ይህን ሁሉ ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል?» ብትል፣ መሪው አንተን ማውረድ ይችላል፤ በአንተ ፋንታ ፍሬኑን መያዝ፣ መብረድህን መናገር፣ መፍራትህን መግለጽ ግን አይችልም። «ዋና አልችልም፤ ልመዝገብ?» ብትል፣ ይህን ለመሪው ሳትሸሽግ ንገረው፤ ሸለቆውን የሚመርጠው በአንተ ልክ ነው፤ አስቀድመህ ዋና ብትማር ደግሞ ይሻላል። «ጓደኞቼ ሲዘልሉ እኔ ብቀር አላፍርም?» ብትል፣ አብዛኛው የጀማሪ ዝላይ አጠገቡ መውረጃ መንገድ ወይም ገመድ አለው። አልዘልልም ያለን ሰው የሚያስገድድ መሪ ለመሪነት አይበቃም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እነዚህን ጠይቅ፦ መሪው ለካንየኒንግ የተሰጠ የሙያ ፈቃድ አለው? አንድ መሪ ስንት ሰው ይይዛል? አየሩ ቢበላሽ ጉዞው ይሰረዛል? ገንዘቡስ ይመለሳል? ዝናብ እያሰጋም ቢሆን እንወርዳለን ከሚልህ ድርጅት ራቅ። ደመናውን አይቶ «ዛሬ አንወርድም» የሚልህን መሪ ግን አመስግነው፤ በሌላ ቀንም ከእርሱ ጋር ውረድ።