ብዙ ሣጥን ያለው ሰው ደብዳቤውን ቶሎ የሚያገኘው እንዴት ነው?

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ኢሜይል ይህችን አነስተኛ ትምህርት ለመጻፍ የተነሣሁት ዐዋቂ ነኝ ብዬ ሳይሆን፣ በራሴ ስሕተት የዘመድ ገበያ ስላበላሸሁ ነው።

በአገራችን የፖስታ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ባለ ፖስታ ሣጥን ቁጥር የሆነ ሰው ቁልፉን ይዞ ሄዶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት አለበት፤ ደብዳቤ ባይኖርም የእግሩ ድካም ያው ነው። ኢሜይልም ይህንኑ ይመስላል። ደብዳቤው የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል ሩቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲሆን፣ በጠረጴዛችን ላይ ያለው ፕሮግራም እየተመላለሰ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። የሚነጋገሩበትም ቋንቋ አይማፕ ይባላል፤ ማርክ ክሪስፒን የተባለ አሜሪካዊ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው።

አጎቴ በጅማ ከተማ ቡና ነጋዴ ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከጌራና ከአዲስ አበባ የሚላክለት ደብዳቤ እየተደባለቀ ስላስቸገረው፣ እኔ በክረምቱ ዕረፍት 60 ፎልደር ከፈትሁለትና ደብዳቤው ሁሉ ሲደርስ በቀጥታ ወደየፎልደሩ እንዲገባ ደንብ አወጣሁ። እርሱም መረቀኝ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ሳያዙት የሚጠይቀው ዋናውን የገቢ ሣጥን ብቻ መሆኑን አላስተዋልሁም ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ገዢ የጌራ ቡና ናሙና በማግሥቱ የንጋት አውቶቡስ እንዲላክለት ጻፈ። ደብዳቤው ሳይታይ አደረ፤ ሲገኝም አውቶቡሱ ሄዷል። ገዢውም ከሌላ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። አጎቴ ግን አልተቆጣም፤ «አንተ ልጅ፣ ደብዳቤዬን አሳምረህ ደበቅህብኝ» አለኝ ብቻ። ይህ ከቁጣ የባሰ ሆነብኝ።

«ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ፕሮግራሙ 60ውንም ፎልደር እንዲጠይቅ አደረግሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰኮንድ ቢወስድ፣ ፕሮግራሙም እያንዳንዱን ፎልደር ለመክፈት አንድ፣ ለመመርመር አንድ ጥያቄ ቢልክ፣ 60 ጊዜ 2 ጊዜ ግማሽ ሰኮንድ 60 ሰኮንድ ይሆናል። ጊዜውን የበላው የደብዳቤው ብዛት ሳይሆን ምልልሱ ነው። ስለዚህ የኢንተርኔቱን አቅም ማሳደግ ብቻውን አይበቃም፤ የመኪናው ጭነት ቢጨምር ከጅማ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አያጥርምና።

መድኃኒቱ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሣጥኑን ሳይከፍቱ መጠየቅ ይቻላል። ስታተስ የተባለው ትእዛዝ ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ የሚሰጠውን ቁጥር ይነግረናል። ቁጥሩ ባለፈው ከመዘገብነው ጋር አንድ ከሆነ አዲስ ደብዳቤ አልገባም ማለት ነው፤ እናልፈዋለን። 120 የነበረው ጥያቄ በዚህ ብቻ 60 ይሆናል።

ሁለተኛ፤ መልስ ሳይጠብቁ ጥያቄዎቹን አከታትሎ መላክ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ምልክት ስላለው መልሱ ከየትኛው ጥያቄ እንደሆነ አይምታታም። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሁሉንም ፎልደር ሁኔታ በአንድ ጥያቄ ማግኘት የሚያስችል ሥርዐት ወጥቷል፤ ሰርቨሩ ያንን የሚያውቅ ከሆነ።

ሦስተኛ፤ ሰርቨሩ ራሱ እንዲጠራን ማድረግ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አይድል መስመሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይና ደብዳቤ ሲገባ ወዲያው እንዲነገረን ያደርጋል፤ ነገር ግን በአንድ መስመር የሚጠብቀው አንድ ፎልደር ብቻ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖቲፋይ ብዙ ፎልደር በአንድ መስመር ይጠብቃል፤ ሆኖም ሁሉም ሰርቨር አይቀበለውም።

አራተኛ፤ አዲስ ደብዳቤ የማይገባበትን ፎልደር አለመጠየቅ ነው። ከአጎቴ 60 ፎልደር ውስጥ 54ቱ ያለፉ ዓመታት ሒሳብና ውል ነበሩ። ቀሪዎቹን 6 ብቻ ሳይከፈቱ እንዲጠየቁ ባደርግ፣ 6 ጊዜ ግማሽ ሰኮንድ 3 ሰኮንድ ሆነ። ለዚህም ምንም ገንዘብ አላወጣንም።

ያ የጌራ ቡና ገዢ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አጎቴ ግን አሁን ጧት ጧት ቡናው ሳይፈላ ደብዳቤውን ሁሉ አይቶ ይጨርሳል። እኔም የሰው ንብረት በሥርዐት ከማስቀመጤ በፊት፣ ባለቤቱ በምን መንገድ እንደሚያገኘው አስቀድሜ መጠየቅን ተምሬአለሁ። እናንተም፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ለወላጆቻችሁ ፎልደር ስትከፍቱ ይህን አትርሱ።