ሰር ጆርጅ ግሬይና የማኦሪዎች መሬት

የሕዝብን ቋንቋ ያወቀ ሁሉ የሕዝብ ወዳጅ ነውን? እስቲ ይህን ታሪክ እናንብብና እንፍረድ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ግሬይ በ1812 ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር፤ ልጁ ሊወለድ ጥቂት ቀን ሲቀረው በስፔን ጦርነት ሞተ። ግሬይም አድጎ ወታደር ሆነ። ኋላም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በቅኝ ግዛት አስተዳደር ስሙ የታወቀ ሰው ሆነ። ደቡብ አውስትራሊያን፣ ኒው ዚላንድንና በደቡብ አፍሪካ የነበረውን የኬፕ ቅኝ ግዛት ገዝቷል።

ኒው ዚላንድ ከአውስትራሊያ ማዶ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ነባሩ ሕዝቧ ማኦሪ ይባላል። በ1840 የማኦሪ አለቆች ከእንግሊዝ ጋር በዋይታንጊ ተዋዋሉ። መሬታቸው ያለ ፈቃዳቸው እንዳይወሰድ በውሉ ተጽፎ ነበር።

ግሬይ በ1845 ገዥ ሆኖ መጣ። ቋንቋቸውንም ተማረ። ቴ ራንጊካሄኬ የሚባል የማኦሪ አዋቂ የአባቶቹን ታሪክ እየጻፈ ሰጠው። ግሬይ ታሪኩን በ1854 በመጽሐፍ አሳተመ። የአዋቂውን ስም ግን አላነሳም።

በ1848 መንግሥት በደቡቡ ደሴት እጅግ ሰፊ መሬት በ2,000 ፓውንድ ብቻ ገዛ። ለባለአገሮቹ በቂ መሬት ይከለልላችኋል ተብሎ ነበር። የተከለለላቸው ግን ጥቂት ሆነ።

መሬታቸው እያለቀ መሄዱን ያዩ ማኦሪዎች በ1858 የራሳቸውን ንጉሥ አነገሡ። «ከእንግዲህ መሬት አንሸጥም» አሉ። ግሬይ በ1861 ዳግመኛ ገዥ ሆኖ መጣ። በ1863 የንጉሡ ደጋፊዎች ወደሚኖሩበት ወደ ዋይካቶ ጦር አዘመተ። በዚያው ዓመት ዐመፁ የተባሉት መሬታቸው እንዲወረስ ሕግ ወጣ። በዋይካቶ ብቻ 480,000 ሄክታር ያህል ተወረሰ። ይህ በጋሻ ሲለካ 12,000 ጋሻ ገደማ ነው። ከፊሉ ኋላ ቢመለስም ብዙው ለሰፋሪዎች ተሰጠ።

ግሬይ ከ1877 እስከ 1879 የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ድኻ ሰፋሪ ከባለጸጋው እኩል ድምፅ ይስጥ እያለ ይሟገት ነበር። በ1898 ለንደን ላይ ሞተ።

ማኦሪዎች ግን የተወሰደባቸውን አልረሱም። ነገሩን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ሲሟገቱ ኖሩ። በ1995 መንግሥት የዋይካቶን ሰዎች በሕግ ይቅርታ ጠየቀ፤ መሬትና ካሣም ሰጠ። ሕጉን ንግሥት ኤልሳቤጥ ራሳቸው ፈረሙበት።

እንግዲህ ግሬይ የማኦሪን ቋንቋም ታሪክም ዐወቀ። መብታቸውን ግን አላከበረም። ገዥ የሚመዘነው በሚናገረው ቋንቋ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው።

ጥያቄዎች
1. በ1840 የተጻፈው ውል ስለ መሬት ምን ይል ነበር?
2. ማኦሪዎች የራሳቸውን ንጉሥ ለምን አነገሡ?
3. ግሬይ ለድኻ ሰፋሪዎች ተሟገተ፤ የማኦሪን መሬት ግን አስወረሰ። ስለዚህ ምን ትላላችሁ? ተወያዩበት።