ጧሪም ጧሪ ያስፈልገዋል



በአገራችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብሎ ይመረቃል። መጦር ግን ሥራ ነው፤ ሥራም ትምህርት ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ እንደነበረባቸው ገልጿል። ከእነርሱም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ድርጅቱ በ2019 ለአስታማሚዎች ያሳተመው የሥልጠና መጽሐፍ 5 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክፍል የሚናገረው አስታማሚው ለራሱ ስለሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ይህን ትምህርት በቦርደዴ ላለ ቤተ ሰብ እንዴት እናቅርበው?

1. በሽታውን እንወቅ። «ጃጅተዋል» ወይም «ክፉ መንፈስ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ነገሩ የአንጎል በሽታ መሆኑን እናስረዳ። የዛሬው ቁርስ ይረሳል፤ የልጅነቱ ዘመን ግን ይታወሳል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም ግራ መጋባቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከመጣ፣ በቆላ አገር ወባ ወይም የሰውነት ውሃ ማነስ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታከም ስለሆነ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

2. አንሟገት። እናት የሞቱትን ባላቸውን «መቼ ይመጣል?» ብለው ደጋግመው ቢጠይቁ፣ በየጊዜው መርዶ መንገር ሐዘን ማደስ ነው። ሳንዋሽ፣ «ናፍቀውዎታል፤ እስኪ ስለ እርሳቸው ያጫውቱኝ» ማለት ይሻላል። ቆይተው የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ ስለሚችል፣ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱትን በኦሮምኛ እናነጋግራቸው።

3. አንሰር። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አስፋልት በቦርደዴ ያልፋል። ቤተ ሰብ «መኪና ይገጫቸዋል» ብሎ መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ገመድ ሰውነትን ያቆስላል፣ መረበሽንም ያብሳል። ይልቁንም ለጎረቤት፣ ለሻይ ቤቱና ለባለ ሱቁ አስቀድመን እንንገር። ፀሐይ ሳትበረታ አብረናቸው እንራመድ። ክብሪትና ላምባም ከአጠገባቸው እናርቅ።

4. ሸክሙን እንካፈል። ብዙውን ጊዜ ሥራው ሁሉ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ላይ ይወድቃል። ሌሊቱን ያልተኛች ሴት ትዕግሥቷ ቢያልቅ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ድካም ነው። ልንጸልይላት ስንሄድ ሁለት ሰዓት ከሕመምተኛው አጠገብ እንቀመጥ፤ እርሷም ትተኛ። መከራው የጋራ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ክፍት ይሁን።

ዘሌዋውያን 19፡32 ሽበትን እንድናከብር፣ ገላትያ 6፡2 ደግሞ ሸክም እንድንካፈል ያዙናል። ሽማግሌውን አክብረን የምትጦራቸውን ብንረሳ፣ ትእዛዙን በግማሽ ፈጸምን ማለት ነው።

ለውይይት፦
ሀ. በአጥቢያችን ይህን ሸክም ብቻዋን የተሸከመች ማን ናት?
ለ. በዚህ ሳምንት ማን፣ በየትኛው ቀን ይተካታል?
ሐ. ሕመምተኛው ከቤት ቢወጣ አይቶ የሚመልሰው ጎረቤት ማን ነው? ነግረነዋልን?