የትምህርት ቤቱ እርሳስ

ዛሬ የማካፍላችሁ ትምህርት የጀመረው ከክፍል ሳይሆን ከአክስቴ ቤት ፍለጋ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ ነው። አክስቴና ባለቤቷ ባለፈው ሚያዝያ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሸጥ ቤት አግኝተው፣ አብሬያቸው ልየው ሄድኩ። ቤቱ ድሮ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር፤ ቀይ ጡብ፣ አንድ ትልቅ ክፍል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ መስኮቶች። በኋላ የገዙት ሰዎች መኖሪያ አድርገውት፣ ዙሪያውን አትክልት ተክለውበታል። አክስቴ ገና በሩ ላይ ቆማ ልቧ ተሰረቀ። ፀሐይ ያረፈበትን የደቡቡን ግድግዳ እያሳየችኝ፣ "እዚህ ጋ ጎመን፣ እዚያ ጋ ጤና አዳምና በሶብላ" አለችኝ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ አፈሩን እየዛቀ ወደ አፉ ይወስድ ነበር።

የእኔ ዓይን መስኮቱ ላይ ቀረ። የእንጨቱ ቀለም ተሰነጣጥቆ እየተቀረፈ ነበር። በዚያው ሳምንት በሕፃናት ጤና ትምህርታችን ስለ እርሳስ መመረዝ ተምረናል። "እርሳስ ሊኖርበት ይችላል" ስላት አክስቴ ሳቀች። "ትምህርት ቤት አይደል እንዴ! እርሳስማ ሞልቶት ይሆናል።"

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በአማርኛ የምንጽፍበትም እርሳስ ነው፣ መርዛማው ብረትም እርሳስ ነው። የምንጽፍበት ውስጡ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ስለሆነ አይመርዝም። እኔ የፈራሁት ብረቱን ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ለምን ቤት ሆኑ?

በ1785 ኮንግረስ ባወጣው የመሬት ሕግ መሠረት አዲስ የሚለካ እያንዳንዱ ታውንሺፕ በ36 ቁራሽ ይከፈል ነበር። 16ኛው ቁራሽ ለትምህርት ቤት ማቆያ እንዲሆን ተደነገገ። ሕጉ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ደግሞ ዛሬ ኦሃዮ በምንለው መሬት ላይ ነው። ልጆች በእግር የሚደርሱባቸው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ተሠሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውቶቡስ ሲመጣ ትንንሾቹ ተዘግተው ተማሪዎቹ ወደ ትልልቆቹ ተዛወሩ። ባዶ የቀሩት ሕንፃዎች ተሸጡ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ መኖሪያ ቤት ሆኑ።

አክስቴ የወደደችው መስኮትም ምክንያት ነበረው። መብራት ባልነበረበት ዘመን ልጅ የሚያነበው በመስኮት ብርሃን ነው። የሙያችን እናት ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1859 በወጣው መጽሐፏ ንጹሕ አየርና ብርሃን ለጤና ዋና ነገር መሆናቸውን አስተምራለች።

ሥራውን የቀየረ ትምህርት ቤት ሰፈራችንም ጫፍ ላይ አለ። ፓርሰንስ አቬኑ 240 ላይ ያለው ትልቅ ሕንፃ በ1874 የተሠራው ለኦሃዮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1953 ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ዛሬ ሕንፃው የከተማው የጤና መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1961 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ግን እስከ ዛሬ በሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ሕንፃ ሥራው ቢቀየርም የድሮው ኑሮው አብሮት ይቆያል። አንዳንዱ ለጉብኝት ይሆናል፣ አንዳንዱ ግን ይጎዳል።

ቀለሙ ውስጥ ያለው

እርሳስ ቀለም ውስጥ ይጨመር የነበረው ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እርጥበት እንዲችልና ዕድሜው እንዲረዝም ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ድረስ እርሳስ አለበት ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል። መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ እንጨቱ እየተፋተገ ቀለሙን አቧራ ያደርገዋል። የውጪው ቀለም ደግሞ እየተቀረፈ ግድግዳው ሥር ይወድቃል። እርሳስ አይበሰብስም፤ ቀለሙ ከተረሳ በኋላም አፈሩ ውስጥ ይቆያል።

ትንሽ ልጅ እጁን ወደ አፉ ያደርሳል፤ ከዋጠው እርሳስም ሰውነቱ ከአዋቂ የበለጠውን ይወስዳል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ጋር ስለሚያምታታው አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፣ ወደ አንጎልም ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት የለውም። ጉዳቱ በኋላ በትምህርት፣ በትኩረትና በጠባይ ላይ ይወጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ ክትትል ያስፈልገዋል የሚለው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ሲገኝ ነው። ከዚያ በታች ያለውም "ደህና" ተብሎ አይታወቅም።

ጎመኑ ከመተከሉ በፊት

ነርስ በሽተኛን ከመንካቷ በፊት ታሪኩን ትጠይቃለች። ቤትንም እንደዚሁ እንጠይቀው፦

1. መቼ ተሠራ? ከ1978 በፊት ከሆነ ሻጩ ስለ እርሳስ የሚያውቀውን የመንገር ግዴታ አለበት፤ ገዢም ለማስመርመር 10 ቀን የማግኘት መብት አለው። ይህ ከሚፈረሙት ወረቀቶች መሃል አለ።

2. ቀለሙ ይቀረፋል? በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፣ በደረቁም አትፋቁት፤ አቧራውን ቤት ሙሉ ይበትነዋል። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ። የመስኮቱን ደፍና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጫማም በር ላይ ይውለቅ።

3. አፈሩ ተመርምሯል? ከግድግዳው ሥርና ራቅ ካለ ቦታ ለየብቻ ወስዳችሁ ላቦራቶሪ ላኩ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመኖሪያ ግቢ አፈር የሚጠቀምበትን መነሻ መጠን በ2024 በሚሊዮን ከ400 ክፍል ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል።

4. የት ልትከል? ከግድግዳው ርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ንጹሕ አፈር ሞልታችሁ። በጎመን በኩል ትልቁ አደጋ ቅጠሉ ላይ የሚቀረው አፈር ስለሆነ ደጋግማችሁ እጠቡት።

5. ልጁ ደሙ ታይቷል? ሜዲኬይድ ያላቸው ሕፃናት በ12 እና በ24 ወራቸው መመርመር አለባቸው። ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ ሰውነታቸው የሚወስደውን እርሳስ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ስነግራት አክስቴ ተቆጣች። "አንቺ ደግሞ ቤት ባየሁ ቁጥር በሽታ ትፈልጊበታለሽ!" ሁለት ቀን አልደወለችልኝም። በሦስተኛው ቀን የቤቱን ወረቀቶች ይዛ መጣች። "በይ አንብቢልኝ" አለችኝ። ስለ እርሳስ የሚናገረው ገጽ መሃል ላይ ነበር፤ እስክንደርስበት ድረስ ማንም አልነገራትም።

አስመረመሩት። መስኮቶቹ ላይ እርሳስ ተገኘ፤ ግድግዳው ሥር ያለው አፈርም ከመጠኑ አለፈ፣ ራቅ ያለው ግን ደህና ነበር። በዋጋው ተደራድረው ገዙት፣ መስኮቶቹንም ሳይገቡበት በባለሙያ አሠሩ። ልጁ ተመርምሮ ውጤቱ ከ3.5 በታች ሆነ፤ ሐኪሙ እንደገና ያየዋል። ጎመኑ አሁን ከአጥሩ አጠገብ፣ በእንጨት መደብ ውስጥ ነው። ደቡቡ ግድግዳ ሥር ሣር ብቻ አለ። አክስቴ ያን ፀሐይ ባየች ቁጥር አሁንም ይቆጫታል።

ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን ወረቀት የምናነበው እኛው ነን። ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ቤታችን መቼ ነው የተሠራው?"