ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጠይቂያት፦ ጋምቤላ ለተመደበች አዋላጅ ነርስ

ልጄ፣ ጋምቤላ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ማህፀናቸው ወጥቶ ኦፕራሲዮን የሚደረግላቸውን ሴቶች መዝግበሽ እንድትከታተዪ መታዘዝሽንም ነግረሽኛል። ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ሴትየዋን ስለ መኝታዋ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው በቅጹ ላይ ስለ መኝታ የሚጠይቀውን ገጽ ዘሎ «ተሳክቷል» ብሎ ይፈርማል። አንቺ እንዳትዘይው ስለምፈልግ ነው የምጽፍልሽ።

1. ሐኪም የሚለካው ሁሉንም አይናገርም። ፖፕ-ኪው የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። የወረደው አካል ከብልት ደጃፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንዳለ ይለካና ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ይሰጣል። ቅጹን በጥንቃቄ ሙዪ። ግን ደረጃ አራት የነበረች ሴት ዜሮ ሆና ከሐኪም ቤት ወጥታ፣ ብልቷ ከመጠን በላይ ተሰፍቶ ስለጠበበ ባሏ በቀረባት ቁጥር ልትሰቃይ ትችላለች። ሌላዋ ደግሞ ትንሽ ተመልሶ ወርዶባት እንኳን ከበፊቱ እጅግ ተሽሏት ትኖራለች። ይህን ሴንቲ ሜትሩ አይነግርሽም።

2. ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጠይቂ። በስድስተኛው ወር መጥታ «ያመኛል» ስትልሽ ሕመሙ የቆየ ነው ወይስ ስፌቱ ያመጣው? የፊቱ መልስ በእጅሽ ከሌለ ማንም አያውቅም። በወሊድ ጊዜ የተቀደደ፣ በግርዛት የቀረ ጠባሳ፣ በማጥባት ወይም በማረጥ የመጣ ድርቀት ካለ አስቀድመሽ ጻፊው። የድርቀቱ መድኃኒት ሌላ ነው፤ ስፌቱም ላይ በከንቱ አይላከክም።

3. ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ማህፀን የወጣባቸውን ሴቶች ስለ መኝታቸው ከሚጠይቁት መጠይቆች በጣም ከሚታወቁት አንዱ ፒስክ-12 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው 31 ጥያቄ ካለው መጠይቅ አሳጥረው በ2003 አወጡት። 12 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይታሰባል፤ ድምሩ እስከ 48 ይደርሳል፤ ከፍ ሲል የተሻለ ነው። ፍላጎቷን፣ እርካታዋን፣ ሕመሟን፣ ሽንት ያመልጠኛል ብላ መፍራቷን ይጠይቃል። ጉድለቱ፣ የተዘጋጀው ግንኙነት ለሚፈጽሙ ሴቶች ብቻ መሆኑ ነው።

አሥር ሴቶች አሉሽ እንበል። አራቱ በወጣው አካል አፍረው ከባላቸው ጋር መተኛት ትተዋል። በፊት የምታወጪው አማካይ የስድስቱን ብቻ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አራቱም ወደ ባላቸው ተመለሱ፤ ግን ገና እየፈሩ፣ እየተሳቀቁ ነውና ነጥባቸው ዝቅተኛ ነው። አማካዩ ይወርዳል፤ ሪፖርትሽም ኦፕራሲዮኑ ጎዳቸው ይላል። ግልባጩ ደግሞ የባሰ ነው፦ ስፌቱ ስላሳመማቸው ግንኙነት ያቆሙት ከስሌቱ ይወጣሉ፤ የቀሩት ደህና ስለሆኑ አማካዩ ያምራል። የተጎዱት ሴቶች ከወረቀቱ ስለጠፉ ብቻ ውጤቱ ያማረ ሪፖርት እኔ ልቀበል አልችልም።

ስለዚህ ከነጥብ በፊት ሁለት ነገር ጻፊ፦ ግንኙነት አለ ወይስ የለም፤ ከሌለስ ለምን? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፒስክ-አይአር ግንኙነት ለሌላቸውም የራሳቸው ክፍል አለው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ከቻልሽ እሱን ያዢ። ካልቻልሽም እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች በራስሽ ጨምሪ፤ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም እኩል ጠይቂ።

4. «ለምን» የሚለውን አትገምቺ። ጋምቤላ ውስጥ ምክንያቱ ብዙ ነው። ባሏ ከጣውንቷ ዘንድ የሚያድር አለች፤ ከብት ይዞ የራቀባት አለች፤ ጡት እያጠባች ስለሆነ የምትቆጠብ አለች። በኩሌ ወይም በጄዊ የስደተኞች መጠለያ ያለችው ደግሞ ባሏ ደቡብ ሱዳን ቀርቶ ይሆናል። በኑዌር ደንብ ባሏ ሞቶ ከወንድሙ ጋር የምትኖር ሴት «ባልሽ» ስትያት ማንን እንደጠየቅሽ ላይገባት ይችላል። ፒስክ-12 ስለ ወንዱ ብልት መቆም ሁሉ ስለሚጠይቅ የምትናገሪው ስለማን እንደሆነ አስቀድመሽ ለዪ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት የተደፈሩ ሴቶችም ይመጡብሻል። ፊቷ ሲለወጥ ካየሽ ቅጹን ተዪው፤ ወደ ማን እንደምትልኪያትም ከመጀመሪያው ቀን ተዘጋጂ።

5. የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ኢታንግ ወይም ላሬ ያለች እናት ግን ገመናዋን በአማርኛ አትነግርሽም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማህፀን የወጣባቸውን ሴቶች የኑሮ ሁኔታ የሚለካውን ፒ-ኮል የተባለ መጠይቅ በአማርኛ አዘጋጅተው ፈትሸውታል፤ መቀሌም ተመሳሳይ ሥራ በትግርኛ ተሠርቷል። መጠይቅን ወደ ሌላ ቋንቋ የመመለሱ መንገድ የታወቀ ነው፦ አንዷ ወደ ኑዌርኛ ወይም ወደ አኝዋክኛ ትመልሰዋለች፤ ዋናውን ያላየች ሌላዋ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች፤ ከዚያ ጥቂት ሴቶች ተጠይቀው ምን እንደገባቸው በራሳቸው አነጋገር ይናገራሉ።

አስተርጓሚ ሴት ትሁን፣ የወለደች ብትሆን ይመረጣል፣ ዘመዷም አትሁን። ወንድ ልጇን ወይም የባሏን ወንድም በዚያ ክፍል አታስገቢ፤ አስተርጓሚ ከሌለ ቀጠሮ ይቀየር። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መሸከሙ፣ መቀመጡ እንዴት እንደሆነ ጠይቀሽ ጀምሪ፤ ከዚያ ሽንቱ፣ በመጨረሻ መኝታው ይምጣ። መጻፍ ለማትችለው አምስት ጠጠር ደርድሪላት፣ ከ«ፈጽሞ» እስከ «ሁልጊዜ» በጣቷ ታሳይሽ።

6. የነገረችሽን ለባሏ አትንገሪ። እሷ ካልፈቀደች አንድም ቃል።

7. ስለ ዕድሜዋ አትወስኚላት። ብልትን ዘግቶ የሚሰፋ ኦፕራሲዮን አለ፤ አጭርና ጠንካራ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ግንኙነት አይኖርም። ፀጉሯ ስለሸበተ ወይም ባሏ ስለሞተ «ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል» የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ ዝም አትበዪ። እሷ ትመልስ። ኦፕራሲዮን የማትፈልግ ካለችም በብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት መኖሩን ንገሪያት።

8. የቀጠሮውን ወር ከእሷ ጋር ምረጪ። በአብዛኛው ለስድስት ሳምንት ከባድ ሸክምና ግንኙነት ይከለከላል፤ ለቤቷ ምን ብላ እንደምታስረዳ ከመውጣቷ በፊት ተነጋገሩ። በጥር ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ስድስት ወሯ ሐምሌ ላይ ይውላል፤ የባሮ ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ። ያኔ ያልመጣችውን «ዳነች» ብለሽ አትዝጊ፤ «አልተገኘችም» ብለሽ ጻፊ፤ ውኃው ሲጎድል በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ፈልጊያት። በጎሬ በኩል ሽቅብ ወጥታ መቱ፣ ሐምሊን የፌስቱላ ማዕከል ሪፈር የተጻፈላት ከሆነ፣ የፊት መልሶቿ በታሸገ ፖስታ አብረዋት ይሂዱ።

9. መልሱን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አድርሺው። ቀዶ ጠጋኙ ሐኪም ሴትየዋን የሚያያት ለጥቂት ሳምንት ነው፤ በዓመቱ የሚያማትን አያውቅም። ስም ሳትጠሪ ስንቷ አዲስ ሕመም እንደመጣባት፣ ስንቷ ወደ ባሏ እንደተመለሰች፣ ስንቷ እንዳቆመች በየጊዜው አሳዪው። ለቀጣይዋ ሴትም የኦፕራሲዮኑ ስምምነት ቅጽ ሲነበብ ይህንኑ በቋንቋዋ ንገሪያት፤ ፊርማዋን ወይም የጣት አሻራዋን ከዚያ በኋላ ተቀበዪ።