ስለ በርበሬ ቅላት፤ ቀለሙ ከዘር እንዴት እንደሚወረስ

በርበሬ በገበያ የሚመዘነው በሚዛን ብቻ አይደለም፤ ገዥው አስቀድሞ በዓይኑ ይመዝነዋል። ዛላው ደምቆ የቀላ እንደ ሆነ ዋጋው ይወጣል፤ ቢጫ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ግን ጆንያው በሙሉ ይናቃል። በማረቆም ሆነ በሀላባ፥ በቡሬም ሆነ በርበሬ በሚለማበት በማናቸውም ስፍራ ገበሬ ዘር ገዝቶ ዘርቶ ከቀዩ መካከል ቢጫ ቢያገኝ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ክርክሩን የሚሰማው ሹም የዘር ሻጩን፥ የጎረቤቱንና የፀሐይን ጥፋት ለይቶ ያውቅ ዘንድ የበርበሬ ቅላት ከምን እንደሚመጣ ሊረዳ ይገባዋል።

ያልበሰለ ቃሪያ አረንጓዴ የሚሆነው ቅጠልን በሚያለመልመው ክሎሮፊል በሚባለው ቀለም ነው። ፍሬው ሲበስል ይህ ቀለም ይፈርሳል፤ በስፍራውም ካሮቴኖይድ የሚባሉ ቀለሞች ይበዛሉ። ካሮትን ብርቱካንማ፥ ቲማቲምን ቀይ የሚያደርጉትም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሆኖም የበርበሬው ቀይ ከቲማቲሙ ቀይ የተለየ ነው። ስሙ ካፕሳንቲን ይባላል፤ ዜክማይስተርና ቾልኖኪ የሚባሉ የሀንጋሪ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ለይተው አወጡት።

ይህ ቀለም ባንድ ጊዜ የሚገኝ አይደለም፤ አሠራሩ የሸማን ሥራ ይመስላል። ፈታይዋ ካልፈተለች ሸማኔው ሥራ ይፈታል፤ ሸማኔው ካልሠራም ጥለቱ የሚገባበት ስፍራ የለም። በፍሬው ውስጥም ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች እየተቀባበሉ ይሠራሉ። መጀመሪያው ሠራተኛ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን አጋጥሞ ቀለም የሌለውን መነሻ ያወጣል፤ የሚከተሉት ያንን ወደ ቀይ ሊኮፒን፥ ቀጥሎም ጫፉን አጥፈው ወደ ብርቱካንማ፥ ኦክሲጅን ጨምረውም ወደ ቢጫ ይለውጡታል። በመጨረሻ የሚመጣው አንድ ሠራተኛ ቢጫውን ወደ ካፕሳንቲን ይመልሰዋል። እያንዳንዱን ሠራተኛ የሚያስገኘው ከወላጅ ተክል በዘር የሚወረስ ትእዛዝ ነው፤ ሊቃውንት ዘረ መል ይሉታል። የሚያስደንቀው ነገር ይህ የቅላት ትእዛዝ በቅጠሉም ውስጥ መኖሩ ነው። በሁሉ ስፍራ ተጽፎ ሳለ የሚነበበው ግን በሚበስለው ፍሬ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ አይቀላም።

ትእዛዙ በተጓደለበት ተክል ሥራው በዚያው ይቆማል። የመጨረሻው ትእዛዝ የጠፋ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ፍሬው በስሎም ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ቢጫው ዘሩ ያላዘዘለት ነው እንጂ የታመመ አይደለም። የመጀመሪያው ሠራተኛ የደከመ እንደ ሆነ ደግሞ ቀለሙ ሁሉ ይሳሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ኡርታዶ ኤርናንዴስና ስሚዝ የተባሉ ሊቃውንት ቀዩን ከነጩ አዳቅለው ከልጅ ልጆቹ ስምንት ዓይነት ቀለም ማግኘታቸውን ጻፉ፤ ነገሩም በሦስት ትእዛዞች የሚገዛ መሆኑን አስረዱ። በዚህ ሒሳብ ከ64 ተክል 27ቱ ቀይ፥ 1ዱ ብቻ ነጭ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ቡናማ ፍሬ የሚያፈራም አለ፤ እርሱ ቀዩ ሲመጣ አረንጓዴው ሳይፈርስ የቀረበት ነው። ማቃጠሉን ግን ሌላ ዘረ መል ስለሚያዘው ቅላት የማቃጠል ምልክት ተደርጎ አይቆጠር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። የቀይነት ትእዛዝ በቢጫው ላይ ይሠለጥናል። የበርበሬ አበባ ራሱን በራሱ የሚያራባ ቢሆንም ንብ ከጎረቤት የቢጫ በርበሬ ማሳ የአበባ ዱቄት ልታመጣበት ትችላለች። በዚያ ዓመት የሚያፈራው ዛላ ቀይ ነው፤ ሥጋው የእናቲቱ ነውና፤ የተዳቀለው ውስጡ ያለው ፍሬ ዘር ነው። ያ ዘር በሁለተኛው ዓመት ሲዘራ አሁንም ቀይ ያፈራል፤ ቢጫነቱ ተሸሽጓል። በሦስተኛው ዓመት የዚያ ልጆች ሲዘሩ ከአራት ተክል አንዱ ያህል ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ ገበሬው በገዛው ዘር በመጀመሪያው መከር ቢጫ ያየ እንደ ሆነ በዚያው ዓመት ጎረቤቱ የዘራው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ነገሩ ከከረጢቱ ጋር የመጣ ነው፤ ወይ ዘሩ በእጅ ተቀላቅሏል፥ ወይ ቀድሞ ከሻጩ ዘንድ ተዳቅሏል። ከራሱ ማሳ ዘር እያስቀረ ከቆየ ግን ሻጩን ከመክሰስ በፊት ያለፉት ዓመታት ጎረቤቶች ምን ዘርተው እንደ ነበረ ይጠየቅ።

አስቀድሞም ማሳው ይታይ። ባንድ ተክል ላይ ያሉት ፍሬዎች ሁሉ በስለው ቢጫ ከሆኑ የዘር ነገር ነው። የፍሬው አንድ ጎን ብቻ የነጣ እንደ ሆነ ፀሐይ ያቃጠለው ነው፤ አረንጓዴ ነቁጥ ይዞ የደረቀ ሳይበስል የተለቀመ ነው። ቀልቶ ሳለ ኋላ የደበዘዘ ደግሞ ብርሃንና አየር ያጠፋው ነው፤ ይህም በተፈጨው ላይ ይፈጥናል።

ቢጫዎቹን ብቻ ነቅሎ መጣል ዘሩን አያጠራውም፤ ከሚቀሩት ሦስት ቀዮች ሁለቱ ቢጫነቱን ሸሽገው ይዘዋልና። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ለዘር የሚታሰበው ተክል ገና ቆሞ ሳለ በክር ምልክት ይደረግበት፤ አበባው ሳይፈነዳ ቅርንጫፉ ንብ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ይሸፈን፤ የእያንዳንዱም ተክል ዘር ለብቻው ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ከእያንዳንዱ 20 ችግኝ በየመስመሩ ይተከል። ቢጫ የሸሸገች እናት በ20 ልጆቿ መካከል አንድ ቢጫ ሳታሳይ የምትቀርበት አጋጣሚ ከ1,000 ጊዜ 3 ያህል ብቻ ነው። ቢጫ የታየበት መስመር እናት ዘር ሁሉ ከዘርነት ወጥቶ ለወጥ ይሁን፤ ቢጫ ካልታየበት መስመር እናት ግን ተለይቶ የተቀመጠው ዘር ይወሰድ፤ የእናቲቱም ቁጥር በከረጢቱ ላይ ይጻፍ።