ከማሊያ እስከ ስብሰባ አዳራሽ፦ የይድነቃቸው ተሰማ መንገድ

የተልተሌም ሆነ የያቤሎ ልጅ ከትምህርት በኋላ አቧራው ሜዳ ላይ ሲወጣ የሚመኘው ጎል ማግባት ነው። አሰልጣኝ እሆናለሁ ብሎ ኳስ የሚጀምር ማን አለ? ነገር ግን የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ሠላሳዎቹ ከገቡ ጉልበት እምቢ ይላል። ታዲያ ከዚያ በኋላስ? ለዚህ ጥያቄ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተሻለ መልስ የሰጠ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረፀ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለዚሁ አንድ ክለብ 23 ዓመት ተጫወቱ፤ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አስቆጥረዋል ይባላል። እስቲ አስሉት፣ በየጨዋታው አንድ ጎል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው!

የሚገርመው ግን ጎሉ ብቻ አይደለም። ገና እየተጫወቱ የስፖርት ሕጎችን ወደ አማርኛ ይመልሱ፣ ፌዴሬሽን ያደራጁ ነበር። ጫማ ሲሰቅሉ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ እሳቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘን። ግብፅ ደግሞ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት። ቀድማም አገባች። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ግብፅ ደገመች። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ይፈርሳል። የኛዎቹ ግን አልፈረሱም፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግስቱ ወርቁ አክለው 4 ለ 2! በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገርም የቀድሞው ተጫዋች አልፍ ራምዚ ኢፕስዊች የተባለውን ትንሽ ክለብ የሊግ ሻምፒዮን አድርገው ነበር። በዚያን ጊዜ እዚያ አሰልጣኙ ተጫዋች መግዛቱንም መሸጡንም ይዞ ይሠራ ስለነበር ማናጀር ይሉት ነበር።

ይድነቃቸው ግን ከዚያም አልፈው ሄዱ። በ1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። መሥራች አገሮቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንላክ አሉ፤ ቅልቅል አይሆንም። ሌሎቹ እሺ ስላላሉ ከውድድሩ ወጡ። በዚህም ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ መራራ ነው፤ ቢሆንም በዘር ከተለየ ቡድን ጋር ተጫውቶ ከማሸነፍ ይሻላል ባይ ነን።

እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ፊፋ ለአፍሪካ ሙሉ ቦታ ከለከለ። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር እንደገና ይጫወት ተባለ። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ተቃወሙ፤ አፍሪካ ሳትሳተፍ ቀረች። ያንን ዋንጫ ከላይ ያነሳናቸው ራምዚ ለእንግሊዝ አስገኙ። በሚቀጥለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተፈቀደና ሞሮኮ ሄደች። ለ2026ቱ ውድድር በቀጥታ የተመደበው ቦታ 9 ደርሷል።

ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አስወጣ። እሳቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስ ከሥልጣናቸው አልወረዱም።

መንግስቱ ወርቁም የአሰልጣኙን መንገድ ተከትሎ በ1974 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ረጅም ዝምታ ሆነ። ኢትዮጵያ ወደ ውድድሩ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት ነው። አዘጋጇ አገር ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ደቡብ አፍሪካ!